ጥሪው አድራሻ ይኑረው

ጳጉሜ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ እኛ አገር ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን፣ በደቡብ ካርቱም ማዮ ሰፈር የሚገኘው የጎሮ ገበያ ከአየር ተመታ። ቢያንስ 43 ሰዎች ሞቱ፤ ከ50 በላይ ቆሰሉ። ከሱዳን ሠራዊት ጋር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ሠራዊቱን ወነጀለ፤ ሠራዊቱ በበኩሉ ሰላማዊ ሰው ላይ አላነጣጥርም አለ። የዜና ወኪሎች የተቀባበሉት የሟቾች ቁጥር የመጣው ግን ከሁለቱም አልነበረም። የሰፈሩ ወጣቶች ካቋቋሙት፣ የደቡብ ካርቱም የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍል ከሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነበር። ቁስለኞቹ የተወሰዱበት በሻኢር ሆስፒታልም በዚያው ቀን ጥሪ አስተላለፈ፤ በአካባቢው ያለ የሕክምና ባለሙያ ሁሉ ፈጥኖ ይምጣ፣ ቁስለኛው እየበዛ ነው የሚል። ማን እንደሚፈለግ፣ የት እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ በጥሪው ውስጥ አለ። ይህ ጽሑፍ በስልካችሁ ለተቸገረ ሰው መድረስ ለምትፈልጉ ወጣቶች የተጻፈ መመሪያ ነው። መነሻው አንድ ሐሳብ ነው፦ ሼር ያደረጋችሁት ነገር ዋጋ የሚኖረው መጨረሻው ላይ ተቀብሎ የሚሠራበት ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየውን ፈልጉ፤ ድምፃችሁን የምታሰሙት ከዚያ በኋላ ነው።

ማዮን ለምሳሌ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፈሩ ጦርነቱ በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቅዳሜ ሹር፣ ከመፈንዳቱ በፊትም የተፈናቃይ ሰፈር ነበር። ከደቡቡ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር በየዘመኑ የሸሸ ሰው ተጠግቶበታል። ኢመርጀንሲ የተባለው የጣሊያን የሕክምና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. የሕፃናት ሕክምና ማዕከል የከፈተበትም ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ብዙው የእርዳታ ድርጅትም ከካርቱም ወጣ፤ በማዮና በዙሪያዋ የቀረው መሄጃ የሌለው ሰውና የራሱ የሰፈሩ ወጣት ነበር። ካርቱም ደግሞ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ዴም በሚባለው ሰፈሯ ስንት ኢትዮጵያዊ ቡና አፍልቶ፣ ምግብ ቤት ከፍቶ እንደኖረባት የማያውቅ የጎንደር ወይም የመተማ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፣ እንግዲህ፣ መሬት ላይ ያለውን ሰው ማግኘት ነው። በሱዳን ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በእነዚህ የምላሽ ክፍሎች ውስጥ ነው። በየሰፈሩ ያሉ ወጣቶች ተሰባስበው ተካያ በሚሏቸው ነፃ የምግብ ማዕከላት ያበስላሉ፣ የውኃ ጉድጓድ ያስጠግናሉ፣ ቁስለኛ ያጓጉዛሉ። ይህ ሥራቸው ነው በመስከረም 2018 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ያሰጣቸው። ከባዶ ሜዳ የበቀሉ አይደሉም። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ካርቱምን ጎርፍ ሲመታት ወጣቶች ነፊር ብለው፣ ማለትም እንደኛው ደቦ ተጠራርተው፣ በፌስቡክ በጎ ፈቃደኛና እርዳታ አሰባስበው ጎርፍ ወዳፈረሳቸው ሰፈሮች ወርደው ነበር። በዚያው ዘመን ሻሪዕ አል-ሐዋዲስ የተባለው የወጣቶች ስብስብ በሆስፒታል አጠገብ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ እየተቀመጠ፣ የትኛው ሕፃን የትኛውን መድኃኒት መግዛት እንዳቃተው ይጠይቅና በፌስቡክ ያወጣው ነበር፤ ያየው ሰው ይከፍላል ወይም መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል። እነዚህ ልጆች በ2007 ዓ.ም. በኦምዱርማን ለአንድ የሕፃናት ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል እስከ ማስከፈት ደረሱ። በምረቃው ቀን ሪባኑን የቆረጠችው ባለሥልጣን አልነበረችም፤ ሻይ ሻጯ ኡም ቅስመት ነበረች። ነገሩ በሱዳን ብዙ አነጋገረ። እኔ የምወስደው ትምህርት ግን ሌላ ነው፦ ፌስቡኩ የሠራው ከሆስፒታሉ በር ላይ የተቀመጠ፣ ሐኪሙንም የሕፃኑንም እናት በአካል የሚያውቅ ሰው ስለነበረው ነው።

ይህን ሰው እንዴት ታገኙታላችሁ? በአካውንቱ የተከታይ ብዛት አትመሩ። የገጹን የቆየ ፖስት ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንብቡ፤ ከአደጋው በፊት ስለዚያው ሰፈር ይጽፍ ነበር ወይስ ትናንት ነው የተከፈተው? ቀጥሎ ከገጹ ጋር ግንኙነት የሌለው ሁለተኛ ምስክር ፈልጉ፦ በስም የሚታወቅ የእርዳታ ድርጅት ጠቅሶት ያውቃል? በአካባቢው የሠራ ጋዜጠኛ አነጋግሮታል? የሰፈሩ ተወላጅ ያውቀዋል? ሦስተኛውን መንገድ ሰው ይረሳዋል፤ ለእኛ ግን ቅርቡ እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሱዳናውያን ስደተኞች አሉ፤ በመተማ በኩል የገቡም በምዕራብ ጎንደር በጣቢያዎች ተጠልለዋል። ዓረብኛ የሚያነብ፣ የማዮን መንገድ በስም የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ እያለ ተርጓሚ መተግበሪያ ላይ ብቻ አትተማመኑ። ገጹ ያወጣውን ቪዲዮ አሳዩት፤ ገበያው ጎሮ መሆን አለመሆኑን፣ የሚሰማው ንግግር የዚያ አገር መሆን አለመሆኑን እሱ ይነግራችኋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ የሚመስለው ካለ በ2011 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። ግንቦት 26 ቀን በካርቱም የሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት በተቀመጡ ሰልፈኞች ላይ ጭፍጨፋ ከተፈጸመ በኋላ፣ ከተገደሉት አንዱ የሆነው የመሐመድ ማታር የሚወደው ቀለም ነው ተብሎ ዓለም ሁሉ የፕሮፋይል ፎቶውን ሰማያዊ አደረገ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ኢንተርኔት ተቋርጦበት ለነበረው ሕዝብ ድምፅ ሆኗል። በዚያው ማዕበል ላይ ግን ለሱዳን ምግብ እናደርሳለን የሚል የኢንስታግራም ገጽ ብቅ አለ። ፖስታችንን ሼር ባደረጋችሁ ቁጥር ለተራበ ሰው ምግብ እንሰጣለን አለ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ተከታይ አገኘ። ጋዜጠኞች ሲያጣሩት ምግብ የሚያቀርብበት ምንም መንገድ አልነበረውም። ሼር ያደረጉት ወጣቶች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ያዘኑ ሰዎች ነበሩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ዘለሉ፦ ምግቡን ማዕዱ ላይ የሚያስቀምጠው ማን ነው? ከእንግዲህ በሼር፣ በላይክ ወይም በተከታይ ቁጥር ልክ እርዳታ እንሰጣለን የሚል ገጽ ስታዩ እለፉት። በማንም ዘንድ ሼር ወደ ምስር አይለወጥም።

ሰውየው ከተገኘ በኋላ ጥሪውን ጻፉ። እዚህ ላይ ከዕድር ጡሩምባ ነፊ የተሻለ አስተማሪ የለም። ጡሩምባ ነፊው ሰፈሩን ሲዞር ስለ ሞት ምንነት አያወራም፤ እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሰዓቱ ይህ ነው ይላል፤ ሰውም ነጠላውን ዘቅዝቆ ይወጣል። የእናንተም ፖስት እንዲሁ ይሁን። የት ሰፈር፣ ምን ጎደለ፣ ስንት ያስፈልጋል፣ በማን በኩል ይደርሳል፣ እስከ መቼ፣ ይህን መረጃ ማን በየትኛው ቀን አረጋገጠው። በተለይ ቀኑን አትርሱ። አንድ ፖስት ከተጻፈ ከስድስት ወር በኋላም ሰው ስሜቱ ተነክቶ ያጋራዋል፤ የተጠየቀው ደም ግን ያኔውኑ ተሰጥቶ፣ የተጠየቀለት ቤተሰብ ያኔውኑ ሰፈር ለቅቆ ሊሆን ይችላል። ጥሪው ሲያበቃ ፖስቱን አታጥፉት፤ ከላዩ ላይ «ተሟልቷል» ወይም «ጊዜው አልፏል» ብላችሁ ጻፉበት፤ ስክሪንሾቱን ይዞ የሚዞረውም ሰው መጥቶ የሚያጣራበት ይኖረዋል።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነውና። የተቆራረጠ አስከሬን ወይም አጥንቱ የወጣ ሕፃን ፊት ቶሎ ያስለቅሳል፣ ቶሎም ይሰራጫል። ነገር ግን ያ ሕፃን እናት አለችው፤ ነገ አድጎ ስሙን በስልክ የሚፈልግ ሰው ይሆናል። በገዛ ቤተሰባችሁ ሬሳ ላይ ልትፈቅዱት የማትችሉትን በማዮ ሰው ላይ አትፍቀዱ። ለመርዳት የተነሳን ሰው ከፊት ይልቅ የድስቱ፣ የሽንኩርቱ ጆንያ፣ የተራው ሰልፍ ከጀርባ የተነሳ ምስል የበለጠ ያሳምነዋል፤ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ያይበታልና።

ፎቶን በጥንቃቄ ማንሳት የክብር ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ በጦርነት ሰፈር የሕይወት ጉዳይ ነው። የምላሽ ክፍሎቹ በጎ ፈቃደኞች በሁለቱም ወገን ታስረዋል፣ ተደብድበዋል፣ ተገድለዋል። ፈጥኖ ደራሹ በያዘው ሰፈር ሲያበስሉ ለሠራዊቱ ትሰልላላችሁ ይባሉ ነበር፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ ሲይዝ ደግሞ እነዚያው ልጆች ከጠላት ጋር ኖራችኋል በሚል ጥርጣሬ ውስጥ ወደቁ። እናንተ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጣችሁ በኩራት ታግ የምታደርጉት ልጅ ማታ በኬላ ስልኩ ሊፈተሽ ይችላል። ስለዚህ የማዕከሉን ትክክለኛ መገኛ አትጻፉ፤ የሠራተኞቹን ስምና ፊት አታውጡ፤ ዕቃ ወይም ገንዘብ የሚደርስበትን ቀን አስቀድማችሁ አትናገሩ። ምን ሊወጣ እንደሚችል ከእነሱ ጠይቃችሁ፣ የሚሉትን ብቻ አውጡ። ለጋሹ በዚህ ምክንያት ማረጋገጫ ያጣ ቢመስለው፣ ምክንያቱን ግለጹለት፤ ያከብረዋል።

ቀጥሎ የገንዘቡ መንገድ ይመጣል። በሱዳን ጦርነት ውስጥ ማእድ ቤቶቹን በሥራ ላይ ያቆየው ከሁሉ በላይ ባንካክ የሚባለው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ነው። ከሪያድ ወይም ከለንደን የተሰበሰበ ገንዘብ በሱዳን ወዳለ የባንካክ ሒሳብ ይገባል፤ በጎ ፈቃደኛው ከነጋዴው ምስርና ዘይት ወስዶ በስልኩ ይከፍላል። በጥር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. የስልክና የኢንተርኔት ኔትወርክ በብዙው የአገሪቱ ክፍል ሲቋረጥ ግን ምስሩ በነጋዴው መጋዘን እያለ ብዙ ድስቶች ከእሳት ወረዱ፤ መክፈያ ጠፍቶ ነው። ከዚያ በኋላ ስታርሊንክ ያለው ሰው በሰዓት እያስከፈለ ያገናኝ ጀመር፤ በስልክ የገባውን ገንዘብ ወደ ጥሬ ብር የሚለውጠው ነጋዴም ዳጎስ ያለ ኮሚሽን ይቆርጣል። ይህን የምዘረዝረው ለጋሾቻችሁ ከፊታችሁ ቆመው «የሰጠሁት መቶው መቶ ሆኖ ደረሰ ወይ?» ሲሉ የምትመልሱት እንዳታጡ ነው። የሚቆረጠውን አስቀድማችሁ ተናገሩ። በኋላ ከሚገለጥ አሥር በመቶ፣ በመጀመሪያ የተነገረ ሃያ በመቶ ይሻላል።

በኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ የምታሰባስቡ ከሆነ በግል የባንክ ሒሳባችሁም በግል ቴሌብራችሁም አትሰብስቡ። ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ በሕግ የታወቀ መንገድ አለ፦ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የበጎ አድራጎት ኮሚቴ አቋቁሞ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ፈቃድ መውሰድ፣ ወይም ከዚያ የቀለለው፣ ቀድሞ ከተመዘገበና ሥራውን ከምታውቁት ድርጅት ጋር ተስማምቶ በእሱ ሒሳብ ማሰባሰብ። ወደ ሱዳን ገንዘብ መላክ ከአዲስ አበባ ለአንድ ወጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ ደንቡም ገደብ አለው። ስለዚህ ለማዮ ማእድ ቤቶች የሚደርሰውን ገንዘብ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን በተመዘገበ ድርጅት በኩል ይላኩት፤ አገር ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ከዚያው ጦርነት ሸሽተው መተማን ለተሻገሩት ድረሱ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ከነበሩት ሱዳናውያን ብዙዎቹ ዝርፊያና ጥቃት በዝቶብናል ብለው ጣቢያውን ለቅቀው በእግር መውጣታቸውን አስታውሱ። ችግሩ ያኔ በራሳችን መንገድ ዳር ነበር።

በዚህ ሥራ አርአያ የሚሆነን የራሳችንም ሰው አለ። በቤይሩት በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እኛ ለእኛ በስደት የሚል ማኅበር አቋቁመዋል፤ መሥራቿ ባንቺ ይመር ናት። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮትና አሠሪዎች ሴቶቹን ከየቤቱ አውጥተው ሲጥሉ፣ ከዚያም በሐምሌ መጨረሻ የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ፣ ማኅበሩ በማኅበራዊ ሚዲያ ከዓለም ዙሪያ ገንዘብ አሰባስቦ ለሴቶቹ ምግብና መጠለያ አደረሰ። ጥሪው የሠራው ጥሪውን የሚያስተላልፉትም እርዳታውን በር አንኳኩተው የሚያደርሱትም ያው በዚያው ሕይወት ያለፉ ሴቶች ስለነበሩ ነው።

እስካሁን ያልሁትን የሚቃወም ጥሩ መከራከሪያ አለ። ሁሉ ነገር ገንዘብና ዕቃ አይደለም፤ ዓለም ስለ ሱዳን ዝም ብሏልና ዝም ብሎ ማወጅም ሥራ ነው የሚል። እውነት አለበት። ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜ የውጭው ሰው ድምፅ ባይኖር ግንቦት 26ን ብዙ ሰው ባልሰማው ነበር። ነገር ግን ማሳወቅም ቢሆን አድራሻ ይፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. ስለ ኡጋንዳው አማፂ ጆሴፍ ኮኒ የተሠራው ቪዲዮ በስድስት ቀን ውስጥ ወደ 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ፤ ከወር በኋላ ወጣቶች በየከተማው አደባባይ እንዲወጡ ሲጠሩ የመጣው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ኮኒም አልተያዘም። ተመልካቹ ካወቀ በኋላ እንዲያደርግ የተጠየቀው ነገር ኮኒን ከመያዝ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ በረዶ ውኃ በራስ ላይ የማፍሰሱ ዘመቻ ጨዋታ ቢመስልም በአንድ የነርቭ ሕመም ላይ ለሚሠራ ለአንድ የአሜሪካ ማኅበር ብቻ 115 ሚሊዮን ዶላር አስገኘ፤ ምክንያቱም ውኃውን ያፈሰሰው ሰው የሚሰጥበት ድርጅት ታውቆ ነበር። ስለዚህ ማሳወቅ ብቻ ከሆነ ዓላማችሁ፣ የሚወሰን ውሳኔና የሚወስን ሰው ፈልጉ። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ባለሥልጣናት የቀዶ ሕክምና ዕቃ ወደ ደቡብ ካርቱም እንዳያልፍ ከልክለው፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የሕክምና ድርጅት በበሻኢር ቀዶ ሕክምና ለማቆም ተገድዶ ነበር። «ለሱዳን እንጸልይ» ከሚለው ይልቅ «በበሻኢር እናቶች በቀዶ ሕክምና እንዲወልዱ ዕቃው ይለፍ» የሚለው ያኔ ይሻል ነበር፤ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል፣ መለሰ ወይም አልመለሰም ይባላል።

ሌላው መቃወሚያ ከባድ ነው፤ ቀለል አድርጌ ልመልሰው አልፈልግም። የጥቂት ወጣት መዋጮ የመንግሥታትን እርዳታ ሊተካ ይችላል ወይ? አይችልም። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቋርጥ በሱዳን ከ1,100 በላይ ማእድ ቤቶች ተዘጉ፤ በግለሰብ መዋጮ ሥራቸውን የቀጠሉት ጥቂቶች ናቸው። ይህን ለለጋሾቻችሁ ደፍራችሁ ንገሯቸው። እናንተ የምትሰበስቡት አንድን ድስት ለአንድ ሳምንት እሳት ላይ ያቆያል፤ አገር አይመግብም። ሆኖም ትልቁ ገንዘብ በአንድ ፊርማ በቆመበት ሳምንት፣ እሳቱ ያልጠፋበት ቤት ካለ በትንሹ መዋጮ ነው፤ በዚያ ሳምንት ሳህን ይዞ ለተሰለፈ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚሁ የራሳችን ረሃብተኛ እያለ ለምን ማዮ የሚለውም ይነሳል። ማዮን ያነሳኋት በምሳሌነት ነው፤ ለሰሜን ወሎ ወይም ለጎንደር ተፈናቃይ ብትነሱም ከሰውየው መጀመር፣ ቀን መጻፍ፣ ፊት መሸፈን፣ ሒሳቡን ከግል ኪስ መለየት አይለወጥም። አንዱን በደንብ የሠራ ቡድን ሁለተኛውን ለመሥራት ይችልበታል።

በመጨረሻ ሒሳቡን ዝጉ። ስንት ገባ፣ ስንት በኮሚሽን ተቆረጠ፣ ስንት ደረሰ፣ በስንቱ ምን ተገዛ የሚለውን፣ የሰው ስም ከደረሰኙ ላይ ሸፍናችሁ፣ ጥሪውን ባወጣችሁበት በዚያው ገጽ አውጡ። ያልተሳካውንም ጻፉ፤ ማእድ ቤቱ ከተዘጋ ተዘጋ በሉ፣ ገንዘቡ በመንገድ ከቀረ የት እንደቀረ ተናገሩ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በጥር 2017 ዓ.ም. በታጣቂዎች ተደጋጋሚ ጥቃት ምክንያት የበሻኢር ሥራውን ሲያቋርጥ ምክንያቱን በይፋ አውጥቷል፤ እናንተም ከዚያ ያነሰ አታድርጉ። ከዚያ ከመሬት ላይ ላለው ሰው መልሳችሁ ደውሉ፤ ኔትወርክ ካለ። በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚጎድል ጠይቁት፤ ምንም አትላኩልን፣ ኬላው ተዘግቷል ካላችሁ እመኑትና ቆዩ።